ሹካ ገዝቼ መንገድ ፍለጋ

ባለቤቴ የባንኩን መልእክት ከእኔ ቀድማ አየችው።

«ሰባት መቶ አርባ ዶላር! ምን ገዝተህ ነው?»

«ፎርክ።»

ዝም ብላ አየችኝ። እኛ ቤት ሹካ ከመሳቢያው የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ እሱም እንግዳው እንጀራ መቁረስ የማያውቅ ከሆነ። በሌላው ቀን ፈጣሪ የሰጠን አምስት ጣት ይበቃናል። ስለዚህ በችኮላ ማስረዳት ጀመርኩ። የገበታ ሳይሆን የሳይክል ሹካ ነው፤ የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዝ ባለ ሁለት እግር ብረት ነው፤ ውስጡ አየርና ዘይት አለው፤ ድንጋይ ሲመታው ይጎነበስና መልሶ ቀና ይላል። እስክጨርስ ታገሠችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«እሺ፤ በሱ የምትበላው መንገድ የታለ?»

መልስ አልነበረኝም። ያን መልስ ፍለጋ ስዞር ከረምኩ።

ነገሩን ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ ነው። ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከምግብ ስሞች ብዙም የማይርቅ ጎረምሳ ነው። አዲስ የተራራ ሳይክል ሲገዛ አሮጌውን «አጎቴ፣ አንተ ውሰደው» አለኝ። ወሰድኩት። አነዳዱን ላሳይህ ቢለኝም «ተወው፤ እኔ እኮ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» ብዬ አሳፈርኩት።

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህን የሚለው ደረቱን ነፍቶ ነው። ከተማዋ እንደ ሰፌድ የተዘረጋች ሜዳ ናት፤ በዘንባባዎቹ ሥር ተማሪው፣ መምህሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ሳይክል ላይ ነበር። የራሳችን የሌለን ልጆች በሩብ ሰዓት ሒሳብ እንከራይ ነበር። ጎማው አንድ ዓይነት ነው፤ ቀጭን፣ ጥቁር። ሹካው አንድ ዓይነት ነው፤ ደረቅ ብረት። ምርጫ ማለት ደወል ያለው ይሁን ወይስ የሌለው ማለት ነበር።

ጎማ ሲተነፍስ ወደ ጎሚስታው እንሄዳለን። ከመነዳሪውን ስቦ ያወጣል፤ ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋ የወጣበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ ማስቲሽ ይቀባና ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቁራጭ ይለጥፍበታል። ከመንፋቱ በፊት ግን ሁልጊዜ «የት ልትሄድ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ወሬ የሚወድ ሰው ይመስለን ነበር። ወደ ዓባይ ድልድይ፣ በአስፋልቱ ካልነው ጠንከር አድርጎ ይነፋል፤ በኮረኮንቹ ወደ ሰፈር ውስጥ ካልነው ላላ ያደርገዋል። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርግና «ሂድ» ይላል። ከዚያ ጣት ሌላ መለኪያ አልነበረውም።

ይህን ትዝታ ይዤ ነው ኦክላንድ አንድ የሳይክል ሱቅ የገባሁት። የእህቴ ልጅ ጎማዎቹ ማለቃቸውን፣ ሹካውም ዘይት ማንጠባጠቡን አስቀድሞ ነግሮኛል። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ጎማ ነው። በርበሬ ተራ ገብቶ ማንን እንደሚያምን እንደጨነቀው ገዢ ቆሜ ቀረሁ። ዲያሜትሩ 27.5 ኢንች፣ 29 ኢንች፤ ስፋቱ 2.25፣ 2.4፣ 2.6፤ ጥርሱ አጭር፣ ጥርሱ ረጅም፤ ላስቲኩ ለስላሳ፣ ላስቲኩ ጠጣር፤ ጎኑ ስስ፣ ጎኑ ድርብ። ሹካዎቹም በሚጎነበሱበት ልክ ተደርድረዋል፤ 100፣ 120፣ 140፣ 160 ሚሊ ሜትር። ሻጩ ወጣት በትሕትና ጠየቀኝ፤ «የት ነው የምትነዳው?»

የጎሚስታው ጥያቄ ነበረች። በእንግሊዝኛ ስለመጣች ግን አላወቅኳትም። «ሁሉም ቦታ» አልኩት።

ልጁ ሳይክሉን አየት አድርጎ፣ የተሠራው 130 ሚሊ ሜትር ለሚጎነበስ ሹካ መሆኑን ነገረኝ። እኔ ግን «ትልቁ ስንት ነው?» አልኩት። 160 አለኝ። እኛ ደግሞ ትልቁ እያለ ትንሹን ገዝተን አናውቅም፤ ድስት ስንገዛም እንደዚያው ነን። ጎማውንም በዚያው ሒሳብ መረጥኩት፤ 2.6 ኢንች ስፋት፣ ጥርሱ ለጭቃ የተሠራ፣ አውሬ የሚመስል። ሒሳቡን ከፍዬ ጀግና ሆኜ ወጣሁ።

ጀግንነቱ እስከ መጀመሪያው ዳገት ነበር። ጎማው አስፋልት ላይ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል፤ ጉልበቴን ደግሞ እንደ ማር ይልሰዋል። ዳገቱ ላይ የሳይክሉ ግንባር ወደ ላይ ስለተሰቀለ የፊቱ ጎማ መሬት መንከስ ተወና፣ ቅጠል እንዳየ ፍየል ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ሹካ በ20 ሚሊ ሜትር በረዘመ ቁጥር መሪው የተተከለበት አንግል በአንድ ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይጋደማል። ሰባት መቶ አርባ ዶላር ከፍዬ የገዛሁት አንድ ዲግሪ ተኩል ጋደም ማለት ኖሯል። የእህቴ ልጅ ቀጭን ጎማውን ይዞ በአጠገቤ ሲያልፍ «አጎቴ፣ ደህና ነህ?» አለኝ። የባሕር ዳር ልጅ መልስ አልሰጠም፤ ትንፋሽ አልነበረውም።

ነገር ሲያቅተኝ ዘሩን መቁጠር ልማዴ ነው። ይህ ጎማ ከየት መጣ? ይህን ሹካስ ማን ወለደው? ብዬ ተነሣሁ። (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

መጀመሪያ ያገኘሁት ዘር ቋንቋችን ውስጥ ነው። ጣሊያን ከአገራችን ሲወጣ ጋራዡን ትቶልን ሄዷል። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፤ ሁሉም የሱ ውርስ ናቸው። ከመነዳሪ የምንለውም «ካሜራ ዳሪያ» ነው፤ በጣሊያንኛ የአየር ክፍል ማለት ነው። ጎሚስታው ሳፋ ውስጥ ይነክረው የነበረው ለካ ቤት ነው፤ ተከራዩ አየር፣ አከራዩ ላስቲክ። ድንጋጤ የሚያበርደው አሞርዛተር ደግሞ ሥረ ቃሉ ውስጥ ሞትን ይዟል፤ ንዝረቱን የሚያደነዝዝ፣ ነፍሱን የሚያወጣ እንደ ማለት ነው። እንግዲህ የእኔ ፍለጋ የሁለት ነገሮች ሆነ፤ ለአየር ቤት ያከራየው ማን ነው? መንቀጥቀጥንስ የገደለው ማን ነው?

ለአየሩ ክፍል ሁሉም ሰው የሚጠራው ስም ደንሎፕ ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ የሚሠራ ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ነበር። በ1887 ትንሹን ልጁን ባለሦስት እግር ሳይክሉ በደረቅ ጎማ ኮብልስቶኑ ላይ እያንቀጠቀጠ አስቸገረው። አባት የላስቲክ ቱቦ በእንጨት ክብ ላይ ጠቀለለና በኳስ መንፊያ አየር ሞላው። ከዚያ ሁለት ጎማ ግቢው ውስጥ አንከባለለ። ደረቁ ጎማ የግቢው ጫፍ ሳይደርስ ወደቀ፤ በአየር የተሞላው ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ነጠረ። በ1888 የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበ። በ1889 ዊሊ ሂዩም የሚባል ተወዳዳሪ ይህን ያበጠ ጎማ ገጥሞ ቤልፋስት ውድድር ሜዳ ላይ ቀረበ። ያላገጡበት ነበሩ፤ ሂዩም ግን አሸነፈ፣ ላጋጮቹም ጎማ ገዢ ሆኑ።

ዘር ቆጠራ ግን መጥፎ ልማድ አለው፤ ከአባት ጀርባ ሁልጊዜ አያት ብቅ ይላል። ለደንሎፕ የተሰጠው መብት ብዙም ሳይቆይ ተሻረ፤ ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ በ1845፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ያንኑ ሐሳብ አስመዝግቦ ኖሯል። ቶምሰን ጎማውን የገጠመው የፈረስ ጋሪ ላይ ነው፤ ላስቲኩን ቆዳ አልብሶ በለንደን መናፈሻ አንከባሎታል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ሳይክል ነው። በሱ ዘመን ዛሬ የምናውቀው ሳይክል ገና አልተወለደም። መልሱ ከጥያቄው አርባ ዓመት ቀድሞ መጣና ተረሳ። እኔም 160 ሚሊ ሜትር ሹካዬን ከመንገዱ ቀድሜ የገዛሁት የቶምሰን ዘመድ ብሆን ነው።

ጎማውን ያወፈረው ደግሞ ሌላ ነው። በ1933፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት በተመታችበት ወቅት፣ የቺካጎው የሽዊን ፋብሪካ 2.125 ኢንች የሚወፍር፣ ፊኛ የመሰለ ጎማ የገጠመ ሳይክል አወጣ። ዲያሜትሩ 26 ኢንች ነው። የታሰበው ለተራራ አይደለም፤ ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ዘለው ለሚወርዱ፣ ጋዜጣ ለሚያድሉ፣ ሳይክሉን ዝናብ ላይ ጥለው ለሚገቡ የአሜሪካ ልጆች ነው። ከባድ ነበር፤ ቀርፋፋ ነበር፤ አይሰበርም ነበር። እነዚያ ልጆች አድገው መኪና ሲገዙ ሳይክሎቹ ጓሮና ቆሻሻ መጣያ ገቡ።

እዚያው ተኝተው የጠበቋቸው ሰዎች እኔ ዛሬ ከምኖርበት ባሻገር፣ ድልድዩን ተሻግሮ በሚገኘው ማሪን ካውንቲ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ፌርፋክስ ከተማ ውስጥ በ2015 የተከፈተ የሳይክል ሙዚየም አለ፤ የእህቴን ልጅ አስከትዬ ሄድኩ። በሰባዎቹ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ልጆች የ1930ዎቹንና የ40ዎቹን ሽዊን በጥቂት ዶላር እየገዙ በመኪና ተራራ ጫፍ ያወጡትና ቁልቁል ይለቁት ነበር። ተራራው ታማልፓየስ ነው፤ በዙሪያው ለእሳት አደጋ መኪና የተጠረጉ የአፈር መንገዶች አሉ። ከነዚህ አንዱ 3.4 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጠማዘዘ 400 ሜትር ያህል ይወርዳል። የአሮጌው ሳይክል ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ፣ በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ የተቀበረ ነበር። በአንድ ቁልቁለት ይግልና ውስጡ ያለው ግሪስ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ከመንገዱ ግርጌ ሲደርሱ እምብርቱን ፈትቶ ግሪስ እንደገና መጠቅጠቅ ግድ ነው። ለዚህ ነው መንገዱ ሪፓክ የተባለው፤ ትርጉሙ «እንደገና ጠቅጥቅ» ነው። ጥቅምት ላይ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1976፣ ቻርሊ ኬሊ የመጀመሪያውን ውድድር አዘጋጀ፤ አለን ቦንድስ አሸነፈ። ኋላ ጌሪ ፊሸር መንገዱን በ4 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ወርዶ ሪከርዱን ያዘ።

ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ መንገድ ብሎ አዲስ ሳይክል ከብረት በየደ። ፊሸርና ኬሊ በ1979፣ ቶም ሪቺ በሚሠራው ፍሬም፣ የተራራ ሳይክል የሚል ስም ይዘው ሱቅ ከፈቱ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የሚባለው ኩባንያ ስታምፕጀምፐርን በብዛት አምርቶ አወጣ። የተራራ ሳይክል ሁሉ 26 ኢንች የነበረው ግን ማንም አስልቶ፣ ለክቶ፣ ይሻላል ብሎ አይደለም። ከቆሻሻ መጣያው የተገኘው 26 ስለነበር ነው። ያ የጋዜጣ አዳይ ልጅ ቁመት ሠላሳ ዓመት ገደማ የዓለምን ተራራ ገዛ። 29 ኢንች በ1999 አካባቢ ብቅ ሲል ብዙዎች እንደ መናፍቅ ነው ያዩት። ዛሬ ሱቁ ግድግዳ ላይ 26 ኢንች ጎማ መፈለግ ካሴት እንደ መፈለግ ነው።

አያት ብቅ ይላል ብያለሁ። ማሪን የተራራ ሳይክል ቤተልሔም ነኝ ስትል፣ ከ1951 ጀምሮ ፓሪስ አጠገብ ሃያ ያህል ወጣቶች ሳይክላቸውን ለጭቃና ለጉድጓድ አበጅተው ጫካ ለጫካ ይጋልቡ ነበር። ከነሱም በፊት በ1897 የአሜሪካ 25ኛ እግረኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች ከሞንታና ተነሥተው ሴንት ሉዊስ እስኪደርሱ 1,900 ማይል፣ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሳይክል ሄደዋል። 41 ቀን ፈጀባቸው። ጭቃ ነበር፣ አሸዋ ነበር፣ ተራራ ነበር፤ ሹካቸው የባሕር ዳሩ ዓይነት ደረቅ ብረት ነበር። የት ነው የምትነዱት? ብሎ የጠየቃቸው ሻጭ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሙዚየሙ ውስጥ ቆም አለና፣ የገዛሁትን ሹካ አሰበ መሰለኝ፣ ፈገግ አለ። እኔም አሰብኩ፤ ፈገግ ግን አላልኩም።

አሁን ወደ ሹካው። መንቀጥቀጥን የገደለው ሞተር ሳይክል ነው። ቢኤምደብሊው በ1935 በገበያ ላይ ባዋላቸው ሞተሮቹ ላይ አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ የሚንሸራተት፣ በዘይት የሚገታ ሹካ ገጠመ። ሳይክሎቹ ይህን ለመውረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀባቸው። በሪፓክ መንገድ የወረዱት ሁሉ የወረዱት ያለ እሱ ነው፤ ሹካቸው ክንዳቸው ነበር። የሞተር ሳይክል ሙያ የነበረው ፖል ተርነር በ1989 ሮክሾክስ የሚባለውን ኩባንያ መሥርቶ የሳይክል ሹካ ይዞ ወጣ። አየርና ዘይት ነው ውስጡ። የሚጎነበሰው 48 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይከብዳል፣ ይዘላል፣ ጉልበት ይበላል ተባለ። በ1990 ግን ኮሎራዶ፣ ዱራንጎ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግሬግ ኸርቦልድ በዚሁ ሹካ የቁልቁለቱን ውድድር አሸነፈ። ላጋጭ እንደ ቤልፋስቱ ገዢ ሆነ።

አርባ ስምንት ሚሊ ሜትር! የእኔ ጎማ ስፋት 66 ነው። ያ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሹካ የሚጎነበሰው ዛሬ ከምገዛው ጎማ ስፋት ያነሰ ኖሯል። ይህን ሳሰላ ነው ነገሩ የበራልኝ። ድንጋዩን መጀመሪያ የሚያነጋግረው ጎማው ነው። ሹካው የሚሰማው ጎማው ያልቻለውን ጉዳይ ነው፤ እንደ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት። እኔ የታችኛውን ፍርድ ቤት ዘግቼ ሰበር ሰሚ ችሎት ገንብቻለሁ። ጎማዬን እንደ ባሕር ዳር አስፋልት አጠንክሬ ነፍቼ፣ ሹካው ለምን አልለሰለሰም እላለሁ።

ከዚያ ሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሁሉ ትርጉም እያገኘ መጣ። እያንዳንዱ ጎማ አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ የተቸገረው ችግር መልስ ነው። ጥርሱ ረጅምና የተራራቀው ጭቃ ውስጥ ጠልቆ እንዲነክስና ሲሽከረከር ጭቃውን እንዲያራግፍ ነው፤ ጠንካራ መሬት ላይ ግን ያ ረጅም ጥርስ ይተጣጠፋል፣ ያዳልጣል፣ ይጮሃል። ጥርሱ አጭርና የተቀራረበው ለተጠቀጠቀ ደረቅ መሬት ነው። ድርብ ጎኑ ለስለታም ድንጋይ ነው፤ ክብደቱ ግን ዳገት ላይ ይቆጠራል። ለስላሳው ላስቲክ እርጥብ ሥርና ቋጥኝ ላይ እንደ እጅ ይይዛል፤ በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል፣ ጉልበትም ይወስዳል።

የፊትና የኋላ ጎማም እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንድ ቤት ይኖራሉ እንጂ አንድ ሥራ የላቸውም። የፊቱ ከተንሸራተተ መውደቅ ነው፤ የኋላው ከተንሸራተተ ወሬ ነው። ስለዚህ ከፊት ሰፋ ያለ፣ ጎኑ ላይ ደንደን ያለ ጥርስ ያለው፣ ለስለስ ያለ ይደረጋል፤ ከኋላ ክብደት ስለሚሸከምና ስለሚገፋ ጠጠር ያለ፣ ቀለል ብሎ የሚሽከረከር። አንዳንዱ አምራች ይህን ስሙ ላይ ይጽፈዋል፤ ማክሲስ ከሚሠራቸው ሚኒየን ጎማዎች ዲኤችኤፍ የሚለው መጨረሻው ላይ ያለው ፊደል «ፊት»ን፣ ዲኤችአር የሚለው «ኋላ»ን ያመለክታል። ፊት የተባለውን ኋላም የሚገጥሙ ሞልተዋል፤ ሰው ተጽፎ ከተሰጠው የራሱን ያምናል።

አየሩም እንደዚያው ነው። ፊት ከኋላ በሁለት በሦስት ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይላላል። ከመነዳሪ ሲኖር ግን ማላላት ድንበር አለው፤ ድንጋይ ጎማውን እስከ ቸርኬው ጨፍልቆ የአየር ክፍሉን እንደ እባብ ንክሻ በሁለት ቦታ ይበሳዋል። በ1999 ከመነዳሪ የሌለው የተራራ ሳይክል ጎማ ለገበያ ቀረበ፤ ኋላም በውስጡ የሚገባ፣ ቀዳዳ ሲያገኝ ራሱ የሚረጋ ፈሳሽ ተለመደ። የአየር ክፍሉ ፈረሰ፤ አየር ከተከራይነት ወጥቶ የቤቱ ባለቤት ሆነ። የጎሚስታው ሳፋና ማስቲሽ ጡረታ የወጡት በዚህ ነው። ሳይክሉን ይዞ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ኦክላንድ፣ ባሕር ጠርዝ ላይ፣ የነፋው ጎማ አዲስ አበባ ሲደርስ የውጪው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ላይ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ጠንክሮ ያገኘዋል። እኛ ብቻ ሳንሆን ጎማውም አገሩ ሲገባ ይነፋል።

ሹካውም ትምህርት ነበረው። የአየሩ ልክ የሚታወቀው ስትቀመጥበት ነው፤ ሳትንቀሳቀስ ከሚጎነበሰው አንድ አምስተኛውን ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ለ130 ሚሊ ሜትር ሹካ 26 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው፤ እግሩ ላይ ያለች ትንሽ የላስቲክ ቀለበት ትነግርሃለች። መጀመሪያ ገንዘቤ ዝቅ ሲል አይቼ ተበሳጨሁ። ለካ መንገድ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን ጉድጓድም አለው፤ ሹካው ወደ ታች ተዘርግቶ ጎማውን ጉድጓዱ ውስጥ እንዲያስቀምጥ አስቀድሞ መጎንበስ አለበት። ሹካው ላይ ያለችው ቁልፍ የምትገዛው የመነሣት ፍጥነቱን ነው። በጣም ከፈጠነ፣ ተናግረህ ሳትጨርስ እንደሚመልስልህ ተከራካሪ፣ መሪውን ከእጅህ ይመታዋል። በጣም ከዘገየ ደግሞ እንደ አኩራፊ ነው፤ አንዴ ካጎነበሰ ቀና ሳይል ሁለተኛው ድንጋይ ይደርስበታል፣ ሦስተኛው ሲመጣ የቀረው የለም።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ያው ወጣት ነው። «የት ነው የምነዳው ብለኸኝ ነበር» አልኩት፤ «አሁን ልመልስልህ መጣሁ።» ነገርኩት። በበጋ ማሪን፤ ደረቅ፣ እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ መሬት፣ ላዩ ላይ አቧራና ጠጠር። ክረምቱ ውስጥ በወር ሁለት ጊዜ፣ የሬድውድ ዛፎች ጥላ ሥር፣ እርጥብ ሥር ያለበት። በየቀኑ ሰባት ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ወደ ሥራ። ሳቀ። ሹካው መመለስ አላስፈለገውም፤ የውስጥ ዘንጉን በሃምሳ ዶላር ለውጦ ከ160 ወደ 130 አወረደልኝ። ከፊት 2.4፣ ጎኑ ደንደን ያለ፤ ከኋላ 2.3፣ አጭር ጥርስ። ያን አውሬ የጭቃ ጎማ የእህቴ ልጅ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ እንደ አንበሳ ቆዳ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለታችን ሪፓክ ጫፍ ወጣን። ከመውረዳችን በፊት ጎንበስ ብዬ የፊቱን ጎማ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። «ልክ ነው» አልኩ፤ በጎሚስታው ድምፅ። የእህቴ ልጅ መለኪያውን ሰካበት። 31 ይላል። ዘጠኝ ፒኤስአይ አስተንፍሶ 22 ላይ አቆመው። ጥያቄውን ይዤ ተሰድጄ ኖሯል፤ ጣቱን ግን ባሕር ዳር ትቼዋለሁ። አርባ ዓመት ጎማ ሲጫን የኖረ ጣት ስለነበር ነው የሠራለት፤ የእኔ ጣት የሚጫነው ስልክ ነው።

ወረድን። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 15 ማይል ነው፤ መታጠፊያ ላይ 5። ፊሸር 4 ደቂቃ ከ22 የወረደው በአማካይ ወደ 29 ማይል እየበረረ ነው፤ ዛሬ ቢደግመው ሪከርዱ ቀርቶ የቅጣት ወረቀት ይሰጡታል። እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ሁለት ጊዜ ቆሜ፣ አንዱ ለፎቶ፣ አንዱ ለፍርሃት። ግርጌው ላይ የሹካዬን ቀለበት አየሁ። 130 ሚሊ ሜትር ከተፈቀደለት 91ዱን ተጠቅሟል። 160 ቢሆን ኖሮ የቀረውን ማን ይበላልኝ ነበር?

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ቅንድቤ ሳይቀር ቀይ ነበር።

«በላህበት?»

«በላሁ።»

«ምን?»

«አቧራ።»

እጄን ታጥቤ ገበታ ስቀርብ፣ እንጀራው አጠገብ፣ እኔ በምቀመጥበት በኩል፣ ሹካ ተቀምጦ ነበር።